ጆሮህ ወንበሯ ላይ ናት

ታኬ፣ የልጆቼ አባት፤

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ተዝካርህን ቄሶቹ ባሉበት አወጣን፤ ሰው ከመብዛቱ የተነሳ ከጎረቤት ወንበር ተዋስን። ብታየው ኖሮ ደረትህን ነፍተህ ትንጎራደድ ነበር፤ አላውቅህም እንዴ!

አሚሻቭ ሰፈር ያለው ቤታችን እንደተውከው ነው። ትንሿ ልጃችን ጻቫዋን፣ የውትድርና ግዳጇን፣ ጨርሳ መንጃ ፈቃድ አወጣች። አነዳዷ ቁርጥ ያንተ ስለሆነ ከጎኗ ስቀመጥ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ወንድሟ ዳኒ ግን በሞሳኩ፣ በጋራዡ ጉዳይ ወጥሮ ያዘኝ። ሻአሪያ ሰፈር ያለውን፣ ሃያ ዓመት ሞተር ሳይክል የጠገንክበትን ቤት ካልዘጋን አለ። አባባ እንደሆነ የለም፣ የሞተርን በሽታ በጆሮው የሚለይ ከየት ይመጣል አለኝ። መልሱን እያወቅሁ አፌን ያዝኩ። በመጨረሻም በሰደር፣ እሺ አልኩት፤ ዓርብ ዕቃውን ልናነሳ ተስማማን።

ለምን ዝም እንዳልኩ አንተ ታውቃለህ። እነዚያ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ዕድሜህን ሙሉ ጆሮህ ሥር ጮኸው ጮኸው፣ የሰውን ንግግር ቢተዉልህም ረቂቁን ድምፅ ወሰዱብህ። ለማንም አትንገሪ ብለህ አላስማልከኝም። ግን አገሩ ሁሉ “ጆሮው” እያለ ነበርና የሚጠራህ፣ ገበናህን ሸፈንኩ። ጥልፌን ይዤ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንተ ሞተሩን ታስነሳለህ፣ እኔ እሰማለሁ። ፒስተኑ ተበልቶ የሲሊንደሩን ጎን ሲመታ፣ ያ ሞተሩ ሳይሞቅ ቀጭ ቀጭ የሚለው፣ ሰማያዊ ክር መዝዤ ከፍ አደርጋለሁ። ከታች ከዘንጉ በኩል ወፍራም ጓ ጓ ከመጣ ቀይ። ጤነኛ ከሆነ ነጭ። አንተ በዓይንህ ሰረቅ አድርገህ ታየኝና ጺምህን እያሻሸህ እንደ ሐኪም ትናገራለህ። ሳቄን ስይዝ ስንቴ ጣቴን በመርፌ ወጋሁ!

ዓርብ ጠዋት እኔ ጥልፌን ይዤ በዚያችው ወንበር ላይ እንዳለሁ፣ ዳኒ መፍቻዎቹን ካርቶን ውስጥ ሲከት ዮሴፍ መጣ፤ ያ ቀልደኛው የመናዊ ደንበኛህ። የአፈር መንገድ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ነው። ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ጉልበቱም ወርዷል። ሌላ ቦታ ወስዶት ግፊቱን ለክተው፣ ፒስተንና ሲሊንደሩ አልቋል ብለውታል። ዳኒ ዘግተናል ሊለው አፉን ሲከፍት ዮሴፍ ሞተሩን አስነሳው።

ታኬ፣ እጄ ሳላዘው ነጭ ክር መዘዘ። አንተ የምትቆምበት ቦታ ባዶ ነው፤ ክሩን የሚያይልኝ የለም። ዝም ካልኩ ቤትህ መዘጋቱ ነው፣ ከተናገርኩ ገበናህ መውጣቱ ነው። ተናገርኩ። ፒስተኑ አልተበላም አልኩ።

ዳኒ መፍቻውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። እኔን ደግሞ ከጀመርኩ ወዲያ ማን ያቆመኛል! ግፊቱን ሲለኩ የነዳጅ እጀታውን ማን ከፍቶ ያዘ ብዬ ዮሴፍን ጠየቅኩት። ማንም አልያዘም አለ። ይኸው! ጉሮሮው ተዘግቶ ምን አየር ገብቶ ይታመቃል? ካንዴላውን አስፈታሁ፣ መለኪያውን አስገጠምኩ፣ ራሴ እጀታውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዤ ያዝኩና ዳኒን ያላ፣ እርገጥ አልኩት። የመለኪያው ቀስት ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ግፊቱ ሙሉ ነው። ከዚያ የካምቢዮውን ዘይት አየን፤ ግማሹ የለም። በዘንጉ ጫፍ ያለው ዘይት የሚያግደው ጎማ አልቆ፣ ሞተሩ ለካ የካምቢዮውን ዘይት እየጠጣ ነው የሚያጨሰው።

ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው አለኝ ዳኒ። አባትህ አስተምሮኝ ነው ብዬ ላድበሰብስ ስል ዮሴፍ ከት ብሎ ሳቀ።

“ታከለ ራሱ ነግሮን የለ እንዴ? ‘ጆሮዬ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ክር ትመዛለች፤ እኔ እጅ ብቻ ነኝ’ ይለን ነበር።”

አንተ ሰውዬ! እኔ ገበናህን ስሸፍን አንተ በእኔ ስትኮራ ኖረሃል? ለደንበኛ ሁሉ አውርተህ ለእኔ ትደብቃለህ? ተናደድኩብህ፣ አለቀስኩም። ግን እመነኝ፣ ቁመቴ አንድ ክንድ የጨመረ መሰለኝ። ዳኒ ካርቶኑን ፈቶ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ወደየቦታቸው መለሰ።

ቤትህ ክፍት ነው። አሁን እጁ ዳኒ ነው። ደንበኞቹም የሚጠይቁት እኔን ነው፤ በአፌ እነግራቸዋለሁ፣ ክር አያስፈልገኝም። ቢሆንም ሞተር በተነሳ ቁጥር፣ አንድ ቃል ከመናገሬ በፊት፣ ክሬን መዝዤ ወደ መቆሚያህ ከፍ አደርጋለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ቀድመህ የምታውቀው አንተ ነህ።

ጆሮህ፣
በላይነሽ