ነጩ ቀለም ይከብዳል

የካቲት 4 ቀን 2008
ሙቀት። ዘጠነኛ ክፍሎች የፊዚክስ ትምህርቴን እያንቀላፉ ሰሙ። ቤት ስደርስ ወንድሜ ጋሽዬ በረንዳው ላይ ነው፤ ጠዋት እንደተውኩት። የሲቀላ ሰፈርን ሱቆች ማስታወቂያ ሲጽፍ የኖረ ሰው... ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁ ብሩሽ አይጨብጥም። "ዛሬ ማን መጣ?" አልኩት። ደንበኛ እንደቀረ እያወቅኩ ምን አስጠየቀኝ?

የካቲት 9
ስልኬ ላይ ቪዲዮ አየሁ። አክሪሊክ የሚባለውን በውሃ የሚቀጥን ቀለም ኩባያ ውስጥ ደራርበው ሰሌዳ ላይ ይደፉታል፤ ሥዕል ይሆናል። ብሩሽ የለ፣ ምን የለ። ለዚህማ ግራ እጅ ይበቃል።
ምስጢሩ እኔው የማስተምረው ነው። በእኩል ኩባያ ቢሰፈር ነጩ ከጥቁሩ ይከብዳል። ከላይ ካረፈ ይሰምጣል፤ ቀላሉ ደግሞ ሰንጥቆት ይወጣል፤ ዓይን የመሰለ ክብ ክብ ቅርጽ ይሠራል። ጋሽዬ ሥራ ሊጀምር ነው... ደስ ብሎኛል።

የካቲት 12
ዛሬ ሞከርነው፤ ቀለሙ ላይ ውሃ አበዛሁ። ሁሉም ተቀላቅሎ አመድ መሰለ። ጋሽዬ ሳቀብኝ። "አይ አስተማሪዋ" አለ። ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ። አመድም ይምሰል።

የካቲት 19
ተሳካ። ኮላ ጨምሬ አወፈርኩት። ጋሽዬ በግራ እጁ ደፋ፣ ሰሌዳውን ዘንበል አደረገ፤ የቀለሙ ዓይኖች አንድ በአንድ ወጡ። እኔ ሆዬ አፌ አላርፍ ብሎ ስለ ክብደት፣ ስለ ውፍረት ተነተንኩለት። ጨርሼ ሳበቃ ጠየቀኝ።
"ታዲያ ይሄን ማን ሠራው?"
"አንተ ነሃ፣ ጋሽዬ።"
"አይደለሁም። አሁን ነገርሽኝ እኮ... ክብደቱ ነው የሠራው። እኔ መድፋት ብቻ።"
ሰሌዳው ሳይደርቅ ትቶት ገባ። ምነው ዝም ባልኩ። አለቀስኩ።

የካቲት 20
ጋሽዬ በረንዳው ላይ አልወጣም። ሰሌዳውን እኔው አነሳሁት።

መጋቢት 2
የጎረቤታችን የጌታነህ እናት፣ እማማ ጌጤ፣ አረፉ። በሰፈራችን የቀብር መስቀል ላይ ስም ሲጽፍ የኖረው ጋሽዬ ነው፤ ለሌላ የሚሰጥ የለም። ጌታነህ እንደ ሰፈሩ ልማድ መስቀሉን ይዞ መጣ፤ ከዚያ የጋሽዬን እጅ አየና አፈረ። "ረስቼው ነው፣ ጋሽ ዘካሪያስ..."
ጋሽዬ በግራው ተቀበለውና ለኔ ሰጠኝ። "ጻፊ። ቀለሙን አወፍሪው፤ መስቀሉ ሲቆም እንዳይወርድብሽ።" ፊደሎቹን በጣቱ አየር ላይ እየሳለ አሳየኝ። ጻፍኩ።

መጋቢት 3
ቀብሩ ላይ አንዲት ሴት መስቀሉን አይታ "የዘካሪያስ እጅ ተመለሰ እንዴ?" አለች። ጋሽዬ አጠገቤ ቆሞ ነበር።
"የኔ አይደለም። የእህቴ ነው" አላት።
ቤት ስንመለስ የማስታወቂያ ብሩሾቹን ሁሉ አጠበ፤ በግራ እጁ፣ ቀስ ብሎ። በጨርቅ ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። አንድም ለራሱ አላስቀረም።