ሙሴ ጋርኔል ወደብ ያስከበሩበት ሳምንት

ፓፔቴ፣ ታሂቲ፣ 1914

ሴፕቴምበር 19፣ ቅዳሜ
የአሠሪዬን የሙሴ ጋርኔልን ሸሚዝ ስተኩስ ዋልኩ። ፈረንሳዮች «አቶ» ለማለት «ሙሴ» ነው የሚሉት። አሥራ አንድ ሸሚዝ፣ ለአንድ ጉምሩክ ሹም! ጦርነት ከተባለ ወዲህ ምሳ ላይ ንግግር ያደርጋሉ። «ጀርመን ይሞክረን!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። ሚስታቸው መዳም፦ «ቀስ በል፣ ሾርባው ፈሰሰ።»

ሴፕቴምበር 20፣ እሑድ
ጸሎት ቤት። እንቅልፍ። ጀርመን አልሞከረንም።

ሴፕቴምበር 22፣ ማክሰኞ
ጠዋት ሁለት የጦር መርከቦች መጡ። ሙሴ በርቀት መነጽር አይተው ወደ ውስጥ ገቡ። መድፉ ሲጮህ ዞር ብል ጋሪ ላይ ናቸው። ወይናቸውን ጭነዋል፣ ዳክዬዎቹንም ጭነዋል።
«መዳምስ?» ብዬ ጮህኩ።
«አንቺ አምጪያት፣ ቴራይ! እኔ ኮረብታው ላይ መከላከያ አደራጃለሁ!»
ከማን ሊከላከሉ? ከፍየል?
የመዳም እግር ያበጠ ነው። አዘልኳቸው። ሁለቴ ወደቅን። «ጥሎኝ ሄደ አይደል?» አሉኝ ጆሮዬ ሥር።
«መከላከያ ሊያደራጁ...»
ሳቁ። መድፍ እየጮኸ ሳቁ!
ኮረብታው ሥር ደርሼ ዞር ስል ገበያው ይነዳል። አክስቴ ሂናኑ ዓሣ የምትሸጠው እዚያ ነው። መዳምን ዛፍ ሥር አስቀምጬ ሮጥኩ።

ሴፕቴምበር 23
መዳምን ትናንት ማታውኑ ተመልሼ ቤት አደረስኳቸው። አክስቴም ተገኘች። ወንዝ ውስጥ እስከ አንገቷ ገብታ ነው የተረፈችው። ቅንድቧ የለም። ጎረቤቷ፣ ቻይናዊው ሻይ ሻጭ አ ሉን ግን ከሱቁ አልወጣም። ሁሌ በስሜ እየጠራ ሰላም ይለኝ ነበር።
ዛሬ መቀለድ አቃተኝ።

ሴፕቴምበር 26
ሙሴ ወረዱ። በአራተኛው ቀን! መርከቦቹ ከሄዱ ስንት ጊዜያቸው... በረንዳ ላይ እንግዳ ሰብስበው «ወደቡን አስከበርን» ይላሉ። እኔን ሲያዩ፦
«የት ጠፋሽ? ቤቱ አልተጠረገም።»
«አ ሉንን ስንቀብር ነበር።»
«ማነው እሱ?»
መዳም ከወንበራቸው ሆነው፦ «ስድስት ዓመት ሻይ የገዛህበት ሰው ነው፣ አልፍሬድ።»
እንግዶቹ ብርጭቋቸውን ማየት ጀመሩ። እኔ የሥራ ሽርጤን ፈትቼ ጥዬ ወጣሁ። ማን አስቦት?

ኦክቶበር 5፣ ሰኞ
ከአክስቴ ጋር አመዱን ጠርገን፣ አራት እንጨት ተክለን ዓሣ እንሸጣለን። መዳም እህታቸው ዘንድ ሄደዋል አሉ። እሰይ!
ዛሬ ሙሴ በእግራቸው መጡ። ከስተዋል።
«ቴራይ፣ ዓሣ! ቶሎ በይ!»
አክስቴ ቀና እንኳን ሳትል፦ «ሰልፍ አለ፤ ከሴትዮዋ ኋላ ቁም።»
ጉምሩክ ሹሙን! ግራ ቀኙን አየ... ቆመ።
አሁን ሳነበው «ቆመ» ብዬ ጽፌያለሁ። «ቆሙ» አላልኩም።
አልሰርዘውም።