ሰሌዳና ዝናብ የቆጠሩት ወይዘሮ አርዲስ ብሩላንድ (1946–2024)

ወይዘሮ አርዲስ ብሩላንድ ከአባታቸው ከአቶ ኦርቪል ትዌተንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሴልማ ሆቭላንድ እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 1946 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ ከከተማችን ከሊንደን ፎልስ በስተሰሜን በሚገኘው የቤተሰባቸው እርሻ ተወለዱ። አንድ ክፍል ብቻ በነበራት የገጠር ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው፣ ሁለተኛ ደረጃን በከተማው ትምህርት ቤት በ1964 አጠናቀቁ። በክፍል ክርክር አንድ ቀን በዚህ ወገን፣ በማግስቱ በዚያኛው ቆመው ስለሚረቱ፣ አባታቸው ይቺ ልጅ ከራሷም ጋር አትስማማም ይሉ ነበር።

በ1968 ከእንስሳት ሐኪሙ ከአቶ ሃርላን ብሩላንድ ጋር ዛሬ ልንሸኛቸው በተሰበሰብንበት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው አንዲት ሴት ልጅ፣ ክሪስታን፣ አፍርተዋል።

በ1971 በከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ የሞት ማስታወቂያ ጸሐፊ ሆነው ተቀጠሩ። ይህን የሕይወት ታሪክ ቢያዩት ኖሮ ግማሹን ይሰርዙት ነበር። በ1976 «ከአጥሩ ላይ» የተባለውን ዓምድ ጀምረው አርባ ስምንት ዓመት ስለ ምርጫ ጻፉበት። ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩት ሰዎች የዕጩዎች ምርጫ በእኛ ግዛት ስለሚጀመር በየአራት ዓመቱ ወደ እኛ ሲጎርፉ፣ እርሳቸው ጀርባቸውን ለተናጋሪው ሰጥተው የሚያዳምጠውን ሰው ፊት ያዩ ነበር። ሁለቱንም ወገን እኩል ስለሚያስቀይሙ ማንን እንደሚመርጡ ያወቀ የለም። ባለቤታቸው አቶ ሃርላን እንኳ በ2011 እስኪያርፉ ድረስ ሲገምቱ ኖረዋል።

ዓምዱ ምንጊዜም የሚያልቀው በዝናብ ነበር። ከ1979 ጀምሮ በአጥራቸው ላይ የሰቀሉትን የዝናብ መለኪያ በየማለዳው አንብበው በመዝገብ ያሰፍሩ ነበር። ምርጫና ዝናብን ምን አገናኛቸው ብለው ለጻፉላቸው አንባቢዎች፣ እኛ በአራት ዓመት አንዴ እንመርጣለን፣ ሰማዩ ግን በየቀኑ መልስ ይሰጣል ብለው መለሱ። ዝናቡ እንደ ድሮው ቀስ ብሎ መዝነቡን ትቶ፣ ሳምንታት ጠፍቶ በአንድ ቀን እየወረደ አፈራችንን ወደ ወንዝ ይዞት እንደሚሄድም ደጋግመው ጽፈዋል።

ሌላው ልማዳቸው ሰሌዳ መቁጠር ነበር። እኛ ዘንድ ሰው የሚደግፈውን ዕጩ ስም የያዘ ሰሌዳ ግቢው ሣር ላይ ይተክላል። ወይዘሮ አርዲስ ምርጫ ሲቃረብ በአሮጌ ፒክአፕ መኪናቸው የጠጠሩን መንገድ ሁሉ ዞረው ሰሌዳዎቹን ይቆጥሩና አውራጃችን ማንን እንደሚመርጥ ይተነብዩ ነበር። ከ1980 እስከ 2016 አሥር ጊዜ ተንብየው ዘጠኙን አግኝተዋል።

በ2016 ግን ተሳሳቱ፤ የስህተቱም ሰበብ ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ዴልማር ነኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በምስጋና ቀን በዓል ማዕድ ላይ በዝናቡ ጉዳይ ተጣልተን ነበር፤ እኔ ዝናብ ድሮም እንዲህ ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ በ2016 በየምርጫው የማይቀረውን ሰሌዳዬን ሳልተክል ቀረሁ፤ እሑድ እሑድ በደጄ ሲያልፉ ሰሌዳው ጠባችንን እያስታወሰ እንዳያስከፋቸው ብዬ ነው። እርሳቸው ደግሞ፣ የወንድሜ ግቢ እንኳ ዘንድሮ ባዶ ነው፣ እርሱ ሐሳቡን ከለወጠ ሌላውም ለውጧል ብለው በጋዜጣ ጻፉ። በማግስቱ ገበሬው ሁሉ ቡና በሚጠጣበት በእህል ጎተራው አንዱ ጎረቤቴ፣ «ዴልማር፣ እህትህ መርጣልሃለች አሉ። አንተ ማክሰኞ፣ በምርጫው ቀን፣ ቤትህ ተቀመጥ» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ጋዜጣውንም እህቴንም በአንድ ቀን ተውኩ። አውራጃውም እርሳቸው ካሉት በተቃራኒ መረጠ። አምስት ዓመት ከመንፈቅ በአንድ ጣሪያ ሥር እየጸለይን፣ እርሳቸው በግራ እኔ በቀኝ ተቀምጠን፣ አንድ ቃል ሳንለዋወጥ ኖርን። እኔ ከእርሳቸው በቀር እህት፣ እርሳቸውም ከእኔ በቀር ወንድም አልነበረንም።

በሜይ 2022 ስትሮክ መታቸውና ሆስፒታል ገቡ። ክሪስታ ደውላ ስትነግረኝ እዚያ የምሄድበት ፊት አጣሁ። ነገር ግን ከአርባ ዓመት በላይ አንድ ቀን ያልተዘለለው መዝገብ ሊቋረጥ ነው ብዬ ተጨነቅሁ። በማለዳ ቤታቸው ሄጄ መለኪያውን አንብቤ ጻፍኩ። አሥራ ዘጠኝ ቀን እንዲሁ አደረግሁ። በመዝገቡ መካከል ከጋዜጣ የተቆረጠ ወረቀት አገኘሁ። ከምርጫው በኋላ ያወጡት እርማት ነው፤ ጋዜጣውን ስለተውኩ አላየሁትም ነበር። «ቆጠራዬ ስህተት ነበር። ባዶ ግቢ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ባለቤቱን አልጠየቅሁትም» ይላል። ወደ ኋላም እየገለጥኩ የዓመታቱን ዝናብ በእጅ ጽሑፋቸው አነበብኩ። ዝናቡ እርሳቸው እንዳሉት ተለውጧል።

ከሆስፒታል በተመለሱ ዕለት እኔ በዚያው ነበርኩ፤ መዝገቡን ሲገልጡ የእኔን የእጅ ጽሑፍ አዩ። ከዚያ፣ «ሳልጠይቅህ ቆጠርኩህ፤ አንተ ሳልጠይቅህ ቆጠርክልኝ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «አሁን ልጠይቅህ። ግቢህ ለምን ባዶ ነበር?» አሉ። ነገርኳቸው። ሁለታችንም አለቀስን።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ምሳ እየበላን ሁለት ዓመት ተከራከርን። በምርጫ አንድም ቀን አልተስማማንም። ሕመሙ ዳግም በርትቶባቸው ኦክቶበር 9 ቀን 2024 በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ልጃቸው ክሪስታ፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ቀርተናል።

ዛሬ ጠዋት መለኪያቸው ደረቅ ነበር፤ ዜሮ ብዬ ጽፌያለሁ። ወደዚህ ስትመጡ እንዳያችሁት መንገዱ ግራና ቀኙ ሰሌዳ ብቻ ሆኗል። የእኔ ግቢ ዘንድሮም ባዶ ነው። ምክንያቱን ማወቅ የሚፈልግ ከቀብሩ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሳንድዊች ስንበላ፣ መጥቶ ይጠይቀኝ።

ቆጥሮ የማይሳሳት አምላክ የእህቴን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ይቁጠርልን።