በቆርኪው ከረጢት ውስጥ

ሀዋሳ፣ ነሐሴ 9

ውድ ኩማ፣

ዳሌህ እንዴት ሆነልህ? ዲላ ወስዳ የምታስታምምህ ልጅህ መቅደስ በስልክ «በከዘራ መሄድ ጀምሯል» ስትለኝ፣ «ድሮስ ያለ ከዘራ መቼ ያምርበት ነበር» ልላት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ቀልዴን ስታጣ ደነገጠች። «ጋሽ ምንያህል፣ አሞዎታል እንዴ?»

እኔን አላመመኝም። የታመመው እባቡ ነው።

ያው የልጅ ልጄ ሳያት ያመጣችው፣ መርዝ የለውም ብላ የማለችልን ቡናማው እባብ። ቀኑን ሙሉ ተጠቅልሎ ሲውል አይተህ፣ እንደ ድሮው መሥሪያ ቤታችን አለቃ ነው ብለህ «አለቃ» ያልከው። ሳንባውን ብርድ መታው። አፉን ከፍቶ ነው የሚተነፍሰው፤ ሊፈላ እንደደረሰ ጀበና ይንተከተካል፣ በአፍንጫውም አረፋ ይወጣል። የእንስሳት ሐኪሙ በየሦስት ቀኑ መርፌ አዘዘለት። ሳያት ትወጋለች፣ እኔ እይዛለሁ። ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጥለታለሁ፤ ሲቀዘቅዝ እቀይራለሁ። ባለቤቴ ገበያነሽ ከሩቅ ቆማ ታማትባለች። «እኔ ሳስል አንድ ቀን ውሃ አሙቀህልኝ ታውቃለህ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ግን ኩማ፣ ይህን የምጽፈው ስለ እባብ ሳንባ ላወራህ ብዬ አይደለም።

ሐኪሙ የመጀመሪያ ቀን «የት ነው የሚያድረው?» ብሎ ጠየቀ። ሳያት «ሳሎን፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር» አለች። እሷ የምታውቀው ይህንኑ ነው። አንተ ከወደቅህ በኋላ እሷ ለሥራ ይርጋለም ስትሄድ፣ እባቡን ማየት አቃተኝና ሳጥኑን ዕቃ ቤት፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ጣልኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በዚያ ዝናብ። ልትመለስ ስትል ወደ ቦታው መለስኩት። ሐኪሙ ፊት ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለምዶብኛል።

እሱን ማየት ያቃተኝ እሱ አጥፍቶ አይደለም። ያን ቀን በረንዳው ላይ ዳማ ልንጫወት ስንቀመጥ፣ «ዛሬ ብትሸነፍ አራተኛ ቀንህ ነው» አልከኝ። እኔም «እንግዲያው ቆርኪዎቹን አሸናፊው ያውጣ» ብዬ ከረጢቱን ሰጠሁህ። እጅህን ከተትክ። ወደ ኋላ ዘለልክ። ከደረጃው ወደቅህ።

ለሰው ሁሉ «ከሳጥኑ አምልጦ ገብቶ ነው» አልኩ። አላመለጠም፣ ኩማ። እኔ ነኝ ያስገባሁት። ስትጮኽ ሰምቼ ዓመት ሙሉ ልስቅብህ ነበር።

ሆስፒታል አልጋህ አጠገብ ስቀመጥ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «ተወው ምንያህል፣ እንስሳ ነው፣ ምን ያውቃል።» ይቅር ያልከው እሱን ነበር። እኔ ያንን ይቅርታ በእባቡ ስም ተቀብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ትናንት ከአምስተኛው መርፌ በኋላ፣ ሳያት ጆሮዋን ወደ እባቡ አስጠግታ ትንፋሹን ስታዳምጥ፣ ስለ ዕቃ ቤቱም ስለ ከረጢቱም ነገርኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ጋሽ ኩማ ያውቃሉ?»

«አያውቅም።»

«ይያዙት» ብላ እባቡን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥታ ፊቴ አኖረችልኝና ወጣች።

አሁንም ጭኔ ላይ ነው። ትንፋሹ ትንሽ ረገብ ብሏል፣ ያ ድምፅ ግን አልጠፋም። ሐኪሙ ይተርፋልም አይተርፍምም አላለ። እኔ ግን ማሞቄን አልተውም። ምን ያውቃል ያልከው እንስሳ የእኔን ጥፋት ተሸክሞልኛል።

ቅዳሜ በጠዋቱ ሚኒባስ ዲላ እመጣለሁ። በሩን ካልከፈትክልኝ ደጃፍህ ላይ ትንሽ አረፍ ብዬ እመለሳለሁ። ቅር አይለኝም ብዬ አልዋሽህም፤ ውሸቱስ ይብቃኝ። ከከፈትክልኝ ግን መቅደስ መጀመሪያ ኪሴን ትፈትሽ። ከረጢቱን ይዤ እመጣለሁ። ቆርኪዎቹን እኔ ራሴ ጠረጴዛው ላይ እዘረግፋቸዋለሁ፤ አንተ እጅህን የትም አታስገባም።

የአራተኛ ቀን ሽንፈቱን የሚጠብቀው፣
ምንያህል