ለማኅተምዎ የተለቀቀው ሁለት ሳንቲሜትር

ለክቡር የከተማችን የግንባታ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ እየነሣሁ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ፣ በተለይም ማኅተም የሚመቱበት ቀኝ እጅዎ፣ እንደምን ከርሟል? ከተማችንን በስሟ ያልጠራኋት ለክብርዎ ተጠንቅቄ ነው፤ በቢቸናና በሞጣ መካከል የሚመላለስ መንገደኛ ሁሉ የእህል መጋዘኔን ግድግዳ አይቶ የማን ሥራ እንደሆነ ጠይቆ ተረድቷል።

እኔ የጤፍና የስንዴ ነጋዴ ነኝ። ፕላን መሣል አላውቅም፤ የዕለት ማስታወሻ ግን እይዛለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የሰፈረው ከደብተሬ የተገለበጠ እንጂ ንዴት የወለደው አለመሆኑን እንዲረዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

፩ኛ፤ የካቲት 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የመጋዘኔን ፕላን ይዤ ቢሮዎ ቀረብሁ። በኮምፒውተር የሠራችልኝ ሞጣ ያለችው ሄለን ናት። በወረቀቱ ግርጌ ወለሉ፣ ከበላዩ ደግሞ የሕንፃው የፊት እይታ ተሥሏል፤ ማዕዘኑ በማዕዘኑ ትክክል፣ አንዱ በአንዱ አናት ላይ ተሰልፎ። እርስዎም በቀይ እስክሪብቶ «ለማኅተም ቦታ ይለቀቅ» ብለው መለሱት። ሄለን ፕሮግራሙ ሁለቱን እይታዎች አስሮ እንደሚይዛቸው፣ ማሰሪያው ከተፈታ ግን አንዱ ብቻውን እንደሚሸሽ አስረድታ በሰፊ ወረቀት ላትመው ብትል፣ ክፍልዎ ከለመደው ወረቀት ሌላ አልቀበልም አለ። ማሰሪያውን ፈታች፤ የፊት እይታውን ሁለት ሳንቲሜትር ወደ ቀኝ ገፋችው፤ ማኅተምዎም በግራ በኩል ተመቻችቶ አረፈ። አንድ ሙሉ መጋዘን ከመቀመጫው ተነሥቶ ለማኅተም ቦታ እንዲለቅ ያደረጉ የመጀመሪያው ሹም ነዎትና አመሰግናለሁ።

፪ኛ፤ ግንበኛዬ ሰማው ሠላሳ ዓመት በቱምቢና በሲባጎ የኖረ ሰው ነው። እህሉ እንዲተነፍስ ከጣሪያው ሥር የሚወጡት አራት የአየር መስኮቶች ከፍ ያሉ በመሆናቸው የሚታዩት በፊት እይታው ላይ ብቻ ነው። ሰማውም እንደ ልማዱ ወረቀቱ ላይ ክር ወጥሮ ከየመስኮቱ ወደ ወለሉ አወረደ። በወረቀት ሁለት ሳንቲሜትር የሆነው መሬት ላይ አንድ ሜትር ነውና፣ አራተኛው መስኮት የኮንክሪቱ ምሰሶ ላይ አረፈ። ሥራውን አቁሞ መጣና «እትዬ፣ ምሰሶውን ልብሳው እንዴ?» አለኝ። ሚያዝያ 12 ቀን አብረን ቀርበን ክሩን ጠረጴዛዎ ላይ ሲወጥር፣ እርስዎ ክር የሸማኔ ነው ብለው ሳቁ፤ መስኮቶቹን አንድ ሜትር ወደ ግራ መመለስ እንደማይፈቀድና ሁሉም በታተመው አቀማመጥ እንዲሠራም በጽሑፍ ሰጡን። ስለ ጽሑፉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በላስቲክ ሸፍኜ አስቀምጬዋለሁ።

፫ኛ፤ ሰማው የታዘዘውን ሠራ። ሦስቱን መስኮቶች ክሩ ባረፈበት አወጣ፤ አራተኛውን ምሰሶው ከለከለው። ግንቦት 25 ቀን የላኩት ተቆጣጣሪ መስኮቶቹ ከቦታቸው አንድ ሜትር ርቀዋል፣ አንዱም ጎድሏል ብሎ ጻፈ። ሒሳቡን በአንድ ቀን ማግኘቱ ያስመሰግነዋል፤ ሰማው ከስድስት ሳምንት በፊት ነግሮዎት ነበር። እርስዎም ግድግዳው እስከ ሰኔ 10 እንዲፈርስ አዘዙ፤ የሰማውንም ስም «ፕላን ማንበብ የማይችል» ብለው በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ለጠፉት።

፬ኛ፤ ጉንደ ወይን ላይ ቤት ሊያሠራው የተስማማው ሰው ያንን ሰሌዳ አንብቦ ሥራውን ለሌላ ሰጠ። ሰማው ከዚያ ወዲህ ቱምቢውን ከቤቱ አላወጣም።

ክቡርነትዎ፣ ሄለን ሁለቱን እይታዎች መልሳ አሰልፋ አስራቸዋለች፤ ለማኅተምዎም የወረቀቱን ጀርባ በሙሉ ለቅቀንልዎታል። ሦስቱን መስኮቶች አዛውረን አራተኛውን ለማውጣት የአንድ ሳምንት ሥራ በቂ ነው፤ ግድግዳው በሙሉ ከፈረሰ ግን ክረምቱ እህሌን ሜዳ ላይ ያገኘዋል። የምለምነው ሁለት ነገር ነው፤ አዲሱን ፕላን እንዲያጸድቁና የሰማውን ስም በለጠፉበት እጅ እንዲያወርዱ። እስከ ዓርብ ሰኔ 3 ይህ ካልሆነ፣ በማግስቱ ቅዳሜ፣ ገበያተኛው ሳይበተን፣ የታተመውን ፕላን፣ የጽሑፍ ትእዛዝዎንና ምስማር ላይ የታሰረ አንድ ክር መጋዘኔ በር ላይ እሰቅላለሁ። መወጠሩን ለሕዝብ እተዋለሁ።

ማኅተምዎ በደረሰበት ሁሉ ፈቀቅ የሚልለት እንዳይታጣ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ፈንታነሽ አምላኩ
የእህል ነጋዴ
ግንቦት 29 ቀን 2008 ዓ.ም.

ማስታወሻ፤ ትናንት ጎረቤቴን እማሆይ ወለተ ኢየሱስን ክሩን አስይዤ ሞክሬያቸው ነበር። ፊደል ያልቆጠሩ ናቸው፤ ሆኖም በታተመው ፕላን ላይ ከአራተኛው መስኮት ወደ ታች ወጥረው ምሰሶው ላይ ሲያርፍ ወዲያው ተረዱ። ፕላን ማንበብ አይችልም ተብሎ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ስም እንዳለ ሰምተዋልና፣ ስሙ የእርስዎ መስሏቸው አዘኑልዎት። እስካሁን አላረምኋቸውም።