መጋዙ አሁን ይነሳል

ለማ፣

የሞተር መጋዙን ሠርቼዋለሁ። ከጀፕ ገበያ አዲስ ካንዴላ ገዝቼ አስገብቻለሁ። ሰኞ ዛፍ ቆረጣ ስትወጣ ቤንዚኑን ራስህ ቀላቅል፤ ለአምስት ሊትር መቶ ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ቾኩን፣ የአየር መዝጊያውን፣ ዘግተህ ገመዱን ጎትት። ድምፅ ሰጥቶ ሲጠፋ ቾኩን ክፈትና እንደገና ጎትት።

የቆየ ቤንዚን አትጠቀም።

በዚያ የአውሎ ነፋስ ቀን ዛፉ ስፓዛ ሱቁ ላይ ወድቆ፣ እህትህ ፊቤ ከሥሩ «ወንድሜ፣ ቶሎ በል» ስትልህ፣ እጅህ እስኪደማ የመጋዙን ገመድ ጎተትክ፤ አልነሳም አለ። ጎረቤቶች መጥረቢያ ይዘው ሲደርሱ ድምጿ ጠፍቶ ነበር። ለለቀስተኛው ሁሉ «ማሽኑ ከዳኝ» ትላለህ።

ማሽኑ አልከዳህም። ከፋሲካ ጀምሮ የተቀመጠውን ቤንዚን ድፋው ብለኸኝ ነበር። ሳልደፋው «ደፍቻለሁ» አልኩህ። አሁን ካርቡሬተሩን ስፈታ ያው ቤንዚን እንደ ሙጫ ደርቆበት አገኘሁት።

ልነግርህ ሦስት ጊዜ በርህ ድረስ መጥቼ ተመለስኩ።

ወደ ደርባን ሄጃለሁ። የቤቱ ቁልፍ ከወረቀቱ ሥር አለ።

ትናንት ለቀስተኛው ሲወጣ አቅፈኸኝ «አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር?» አልከኝ።


ምሕረቱ