ሐኪሙን ልመን ቀሚሱን?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት
ከስፌት ቤቱ

ለድንቡሼ፣ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ እንዴት እንደሆንክ ራስህ በሴንቲሜትር ጽፈህ ልከህልኛል። ወገብ መቶ አሥራ ስምንት! ሳነበው የበሩ ስፋት መስሎኝ ነበር። ከሥሩ ደግሞ «ለሰርጌ ስለሆነ ወገቡን ላላ፣ ኮቱን ረዘም አድርገው፣ ቦርጬን ይደብቅልኝ» ትላለህ። ስማ፣ ሱፉን አልሰፋልህም። ይሄ አንድ። ሁለተኛ፣ ከሥራህ ፈቃድ ጠይቅና ቶሎ ና። እህታችን እታለም እህል አልቀምስ ካለች ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው። የምታግዛት ሴትዮ ጠዋት ጠዋት ሁለት ማንኪያ ሾርባ በግድ ታስገባላታለች፣ በቃ። ሐኪሙ እስከ ዓርብ አፏን ካልከፈተች በአፍንጫዋ ቱቦ እንሰድላታለን ብሏል።

አሁን «እንዴ! እታለም ምን ሆነች?» ብለህ ከወንበርህ ትነሳለህ። መነሳት ከቻልክ ማለቴ ነው። «ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩላት፣ አልመለሰችም፣ ተቀይማኛለች?» ብለሃል። አልተቀየመችህም። ከሐምሌ ጀምሮ ቀኝ እጇ የሷ አይደለም። ቀኝ እግሯም፣ ምላሷም። ግፊቷ ፈንድቶ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ካላት ቃል ሁሉ የተረፈቻት «እሺ» ብቻ ነበረች። አመመሽ? እሺ። ብርድ አለሽ? እሺ። አንተ ስትደውል «ተኝታለች» እያልኩ አራት ወር ደበቅኩህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ የሰው በሽታ የደበቀስ? ለሱ ተረት አላገኘሁለትም።

መጀመሪያ ግን ካንተ ጋር ልጨርስ። «ስኳር ጀምሮሃል አሉኝ፣ ግን ምንም ስለማያመኝ ኪኒኑን ትቼዋለሁ» ብለህ ጽፈሃል። በኩራት! ሽልማት የተሰጠህ ነው የሚመስለው። አንኳኩቶ የሚገባ ሌባ አይተህ ታውቃለህ? መጀመሪያ የእግርህን ጣት ያደነዝዘዋል፣ ምስማር ብትረግጥ አታውቅም። ከዚያ ዓይንህ ጋ ይሄዳል። ከዚያ ኩላሊትህ ጋ። ከራሴ አምጥቼ አይደለም፤ እታለምን ይዤ ወረፋ ስጠብቅ ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። እኔ ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አቁሜ ይሆናል፣ ማንበብ ግን አላቆምኩም። መድኃኒት ካርቶን ውስጥ የምትታጠፈዋን ወረቀት ሳትቀር አነባለሁ። አንተ ዲግሪ አለህ፣ ታዲያ ምን አነበብክበት? የለስላሳ ጠርሙስ ላይ ያለውን? ቀን ሙሉ ቢሮ ቁጭ፣ ከቢሮ መኪና ውስጥ ቁጭ፣ ከመኪና ሶፋ ላይ ቁጭ። የተፈጠረልህ እግር እኮ አዲስ ነው፣ ከነማሸጊያው።

ደግሞ «እጮኛዬ ቦርጭህ ያምርብሃል ትለኛለች» አልክ። ትበል! ገና አላስታመመችህማ።

ይሄን ሁሉ የምለው ወገብ ስለማውቅ ነው። ሠላሳ ዓመት ስንት ወገብ እንደለካሁ ታውቃለህ? አንድ ጠበቃ ደንበኛ ነበረኝ። ሰማንያ ስድስት ብሎ ጀመረ። ዘጠና አራት ገባ። ከዚያ መቶ ሦስት። «ወንድሜ፣ ተመቸኝ መሰለኝ» እያለ ሆዱን መታ መታ ያደርጋል፣ እኔም አብሬው እስቃለሁ። የመጨረሻውን ሱሪ ልጁ ነው መጥታ የወሰደችው። «ለምን ይሆናል?» አልኳት እንደ ቂል። ሬሳውን ሊያለብሱት ነው።

እኛ ልብስ ሰፊዎች አንድ ክፉ ደንብ አለን። የደንበኛ ወገብ ሲጨምር ትንፍሽ አንልም። ቁጥሩን በልባችን እንይዝና «ጨርቁ ነው፣ ውሃ ሲነካው ይጠባል» እንላለን። ደንበኛውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ስፌት ያስተማረኝ ጌታዬ ከነገረኝ የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው፤ ወፍረሃል ያልከው ሰው ተመልሶ አይመጣም።

አሁን ወደ እታለም ልምጣ። እስካሁን አንተን የሰደብኩህ እዚህ ላለመድረስ ነው መሰለኝ።

ያንን ወይን ጠጅ ቀሚስ ታስታውሳለህ፣ ለምርቃትህ የሰፋሁላትን? አሥራ ሁለት ዓመቱ። እሷ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ያው እንደምታውቃት ናት፤ መስኮቱ ስር ቁጭ ብላ አላፊ አግዳሚ መቁጠር፣ አራት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ፣ ምግቡን ሳትቀምስ ጨው መነስነስ። «ኧረ መጀመሪያ ቅመሺው» ስላት «ቀምሼ ከምቆጭ አስቀድሜ ልጨምር» ትላለች። ቀሚሱን ለመተኮስ ብላ እኔ ጋ ትተወዋለች። እኔ ደግሞ ዓይኔ አይቷል፣ ጠቧታል። ማታ ማታ ጎኑን እተረትርና ወደ ውስጥ የታጠፈውን ትርፍ ጨርቅ እለቅላታለሁ፣ ተኩሼ እሰጣታለሁ። ሳትጠይቀኝ። ሳትሰማ። ሁለት ጊዜ እንዲህ አደረግኩ፣ ትርፉ አለቀ። በሦስተኛው ከዚያው ጨርቅ የቀረ ቁራጭ ነበረኝ፣ በሁለቱም ጎን ሰነጠቅኩና ጨመርኩበት። እንዲህ ያለ ጥሩ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ አንደኛ ልብስ ሰፊ ቢያየው እንኳ አይለየውም። እናታችን ስትሞት እናት የሆነችኝ እህቴ መስታወት ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው። ክፋት ነው? ንገረኝ!

ግንቦት ላይ ከክሊኒክ እየሳቀች መጣች፣ ቀሚሱን ለብሳ። ስፌት ቤቱ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ።

«አንተ ወሬኛ» አለችኝ፣ «ያ የምታደንቀው ሐኪም ምን አለኝ መሰለህ? ሃያ ኪሎ ጨምረሻል፣ ግፊትሽ ጣሪያ ነክቷል፣ ጨው ተይ፣ በእግርሽ ሂጂ፣ ይቺን ኪኒን ደግሞ ዕድሜ ልክሽን ዋጪ አለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ሚዛንህ ተበላሽቷል አልኩታ! ይኸው ቀሚሴ፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ፣ እንደ ተሰፋ ነው የሚገባልኝ። በል አንተ ፍረድ፣ ሐኪሙን ልመን ቀሚሱን?»

ደንበኞቹ ሳቁ። እሷ መስታወቱ ፊት አንድ ዙር ዞረች፣ እንደ ልጅ። እና እኔ፣ ካንተ ጋር ለመጣላት አምስት ገጽ የማይበቃኝ ሰውዬ፣ አንዲት ቃል ነው ያወጣሁት።

«ቀሚሱን» አልኳት።

ኪኒኑን በኋላ መሳቢያዋ ውስጥ አገኘሁት። አንድም አልጎደለም። ሐምሌ ላይ ወጥ ቤት ወድቃ ስናገኛት ያንኑ ቀሚስ ለብሳ ነበር፤ ሆስፒታል ነርሷ ለማውለቅ ጊዜ የለኝም ብላ በመቀስ ቀደደችው። የኔን ስፌት ይዛ ነው የቀደደችው። እዚያ ጋ ይቀላል አለች።

አራት ወር ተሸከምኩት። እኔ ብቻ ነኝ ወይ ጥፋተኛው እላለሁ። ጨዉን እኔ ነሰነስኩ? ሻዩን እኔ አጣፈጥኩ? ከመስኮቱ ስር አትነሺ ያልኳት እኔ ነኝ? ደሞ ዞር ብዬ፣ አዎ፣ ሐኪሙ በቁጥር የነገራትን በጨርቅ ያስተባበልኩት እኔ ነኝ እላለሁ። የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ እሁድ፣ አልቻልኩም። የተቀደደውን ቀሚስ አምጥቼ አልጋዋ ላይ ዘረጋሁትና ነገርኳት። አላምን ብትል ብዬ ጎኑን ገለበጥኩላት። በግራ እጇ ስፌቱን ዳሰሰችው። አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። መቁጠር አላቃታትም።

«ይቅር ትይኛለሽ?» አልኳት። እሺ የምትለዋ ቃል አለቻት አይደል? እሷን ጠብቄ ነው የጠየቅኳት፣ እግዜር ያውቃል፤ ሌላ መልስ እንደሌላት አውቄ ነው።

አላለችም። ከዚያን ቀን ወዲህ ያቺንም ቃል ተወቻት፣ አፏንም ዘጋች። ሴትዮዋ ስታጎርሳት ትንሽ ትውጣለች፣ እኔ ማንኪያ ስይዝ ግን ጥርሷን ትነክሳለች። ትናንት ገፋ አድርጌ አስገባሁላት። ዓይን ዓይኔን እያየች ሸሚዜ ላይ ተፋችው። ሴትዮዋም ወር ሳይሞላ ወደ ልጇ ልትሄድ ነው።

ስለዚህ ና። አንተን ስታይ ትበላ ይሆናል፤ ድንቡሼ ብላ ያወጣችልህ እሷ ናት፣ ካንተ ጉንጭ ላይ ዓይኗን ነቅላ አታውቅም ነበር። ስትመጣ ግን ሰፊ ልብስ ለብሰህ እንዳትመጣ። ያለህን ሁሉ አሳያት። ስኳር አለብህ አሉኝ በላት፣ ኪኒኑንም እፊቷ ዋጥ። ካልዋጥክ አትምጣ፤ በዚህ ቤት አንድ ውሸታም ይበቃል። ሱፉን ሌላ ልብስ ሰፊ ይስፋልህ፣ ደስ የሚልህን የሚነግርህ ሞልቷል።

እንግዲህ ደምህ ይቅጠን፣ እግርህ መንገድ ይልመድ። ያቺ ልጅ ሚስትህ ትሁን እንጂ አስታማሚህ አትሁን። የእታለምን ዕድሜ፣ ከተረፈ፣ ለሁለታችን ያቆይልን።

ልሂድ፣ የምሳዋ ሰዓት እየደረሰ ነው፣ ሾርባውም ቀዝቅዟል። ጨው የለውም። አትከፍትልኝም። ቢሆንም ማንኪያውን ይዤ እስክትተኛ እቀመጣለሁ።

ወንድምህ፣
ወሬኛው